ዘንባባ የጠበስሁበት ቅዳሜ

ሰው ሥጋ ይጠብሳል፤ በቆሎ ይጠብሳል፤ ሲቸግረው ድንች ይጠብሳል። እኔ ግን ዘንባባ ጠብሻለሁ። ያውም በዐቢይ ጾም፤ ያውም በአማቴ ፊት። «ምን ነክቶት ነው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ምን እንደነካኝ በቅደም ተከተል አስረዳችኋለሁ። ማስረዳት እንጀራዬ ነው። ችግሩ አመሌም መሆኑ ነው።

ጊዜው ደርግ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ከሚሴ ከተመደብሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ሳይንስና የእጅ ሥራ አስተምራለሁ። ያለ ዕቅድ የምሠራው ነገር አልነበረም። ገበያ ስሄድ እንኳ የምገዛውን ዓላማ፣ አፈጻጸምና ግምገማ ብዬ ከፋፍዬ እጽፋለሁ። ባለቤቴ ሙሉ «አንተ ስታነጥስም መግቢያ፣ ሐተታና ማጠቃለያ አለህ» ትለኛለች። ውሸቷን አይደለም።

ሙሉን ያገባኋት በፊርማ ነው። ሁለት ምስክር፣ አንድ ማኅተም፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወጥተን አንዳንድ ሻይ። ድግስ የአድኃሪ ልማድ ነው የሚባልበት ጊዜ ስለነበር እኔም ነገሩን እንደ ትልቅ ጀብዱ ቆጥሬው ነበር። የሙሉ እናት እትዬ ጌጤ ግን ደሴ ተቀምጠው የልጃቸውን መዳር የሰሙት በደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሦስት ገጽ ነው፤ ንዑስ ርእሶች አሉት። መልስ አልመጣም።

መልሱ የመጣው ከዓመት በኋላ በእግሩ ነው። ሙሉ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ሳለ፣ ሆሳዕና አምስት ቀን ሲቀረው፣ እትዬ ጌጤ ከአውቶቡስ ወረዱ። ጓዛቸውን ገና ከእጃቸው ሳያስቀምጡ «ልጄን ላያት ነው የመጣሁ። ሰኞ እሄዳለሁ» አሉ። ለእኔ በአንቱታ «እንደምን ሰነበቱ መምህር» አሉኝ። እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ አክብሮት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ሙሉ ማጀት ጠርታኝ አለቀሰች።

«የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ እፈራለሁ። ስወልድ እናቴ ካጠገቤ እንድትሆን እፈልጋለሁ። አስቀርልኝ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«እኔ እንጃ። ብቻ አታስረዳት።»

እንግዲህ ከባድ ነገር ነው የጠየቀችኝ። አሣን «ዋኝ፤ ግን ውሃ አትንካ» እንደማለት ነው።

ሐሙስ ዕለት እትዬ ጌጤ ኮረብታው ላይ ካለችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ተክዘው ተመለሱ። በየዓመቱ ከቆላ ዘንባባ የሚያመጣው ሰው ታሟል። ቄሱም «ዘንድሮ ሆሳዕናን ባዶ እጃችንን ልናከብራት ነው» ብለው አዝነዋል። ይህን ለሙሉ ሲያወሩ እኔ ከደብተር እርማቴ ላይ ቀና ብዬ፣ ምላሴ ከአእምሮዬ ቀድሞ፣ «ለእኔ ይተዉት እማማ!» አልሁ። «ቅዳሜ ሦስታችንም ጨፋ ሜዳ እንወርዳለን። ዘንባባውን ቆርጠን፣ ቀለበቱንም መስቀሉንም እዚያው ሠርተን፣ ለምእመኑ ሁሉ የሚበቃ ይዘን እንመለሳለን።»

እትዬ ጌጤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት እንዳለኝ ሁሉ አዩኝ።

«ይችሉበታል?»

«የእጅ ሥራ መምህር እኮ ነኝ!»

እውነቱን ለመናገር በማስተማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የነበረው የካርቶን ሣጥን አሠራር ነው። እትዬ ጌጤ ግን አመኑኝና ዓርብ ጠዋት ሄደው ለቄሱ ቃል ገቡ። ከዚህ ወዲያ ጉዳዩ የእኔ ብቻ አልነበረም፤ የእሳቸው ስምም ተያዘበት።

ቅዳሜ ጠዋት ባለጋሪው ሰይድ መጣልን። እኔ ማጭድ፣ ሲባጎ፣ ጃንጥላ፣ ማስመሪያና የዕቅድ ደብተሬን ይዣለሁ። ማስመሪያው ለምን እንዳስፈለገ እስካሁን አላውቅም። ሰይድ ሰማዩን አየና «መምህር፣ ይቺ ደመና ወደ እኛ ናት» አለኝ። እኔም የደመና ዓይነቶችን ዘርዝሬ ይህኛው ዝናብ የማያዘንበው መሆኑን አስረዳሁት። ፈረሱ ሳይቀር ዞሮ ያየኝ መሰለኝ።

የበልግ ዝናብ እንደ ትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ነው፤ የሚመጣበትን ቀን አይናገርም፤ ከመጣ ግን ያልተዘጋጀህበትን ክፍል ነው የሚገባው። ቦርከና ወንዝ ዳር ካለው የዘንባባ ጥሻ ደርሰን፣ እሾሁ እጄን እየጠቀጠቀኝ ሁለት ትልልቅ እስር ቆርጬ እንደጨረስሁ፣ ያ የማያዘንበው ደመና አናታችን ላይ ተቀደደ። ሰይድ ፈረሱን ፈትቶ ከዛፍ ሥር አስጠጋው። እኔ በአንድ እጄ ሙሉን፣ በአንድ እጄ አንዱን እስር ይዤ ራቅ ብላ ወደምትታይ ጎጆ ሮጥሁ። ጃንጥላውን የያዙት እትዬ ጌጤ ናቸው፤ ነፋሱ ገልብጦት እንደ ድስት ውሃ እያጠራቀመ ነበር። ሁለተኛው እስር ሜዳው ላይ ቀረ።

የጎጆዋ ባለቤት እማ ዘሃራ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ገና በሩቅ አይተውን «ኮቱ፣ ገሊ! ግቡ እንጂ! ነፍሰ ጡር ይዛችሁ ዝናብ ትቆጥራላችሁ እንዴ?» እያሉ በሩን ከፈቱልን። መሬቱ ላይ ተጀምሮ ያላለቀ የሰሌን ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ መሐል ላይ እሳት ይነዳል። ሙሉን እሳቱ ዳር አስቀምጠው፣ ትከሻዋን ደረቅ ነጠላ አልብሰው፣ «አብሽሪ ልጄ፣ መጣሁ፤ ፍየሎቼ ዝናብ ላይ ናቸው» ብለው ወጡ።

እኔም ዘንባባዬን አየሁ። ውሃ ይንጠባጠባል። በእኔ ዕውቀት እርጥበት የብስባሴ እናት ናት። ስለዚህ ቅጠሉን አንድ በአንድ ከዘንጉ ገነጠልሁና፣ እንደ ቁመታቸው ከአጭር ወደ ረጅም ደርድሬ፣ እሳቱ ላይ በተጋደመው እንጨት ላይ ሰቀልኋቸው። አቤት ሲያምሩ! የጠዋት ሰልፍ ላይ የቆሙ ተማሪዎች ይመስሉ ነበር። ትንሽ ቆይተው ወዛቸው ጠፋ። ከዚያ ጫፋቸው መጠቅለል ጀመረ።

እትዬ ጌጤ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«መምህር፣ ይህን ነገር ያውቁበታል?»

«በሚገባ እማማ። ነገሩ ትነት ይባላል። ውሃ ሙቀት ሲያገኝ…»

ሙሉ ዐይኔን ፈለገች። ዐይኔ ግን ትነት ላይ ነበር። ከባሕር እስከ ደመና፣ ከደመና እስከ ቦርከና ወስጄ መለስኋቸው። ስጨርስ ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነው ነበር። አንዱን በኩራት አነሣሁና ለቀለበት ዐጠፍሁት።

ቀጭ!

ሌላ አነሣሁ። ቀጭ! ሦስተኛውን በቀስታ፣ እንደ ታማሚ አባብዬ ዐጠፍሁት። ይኸኛው ሳይጮኽ ተሰበረ። ሙሉ የጎጆውን ጣራ ትመለከታለች። እትዬ ጌጤ እጃቸውን አጣጥፈው ምንም አይሉም። ዝምታቸው ግን ይሰማል፤ ቄሱ፣ ምእመኑ፣ የተገባው ቃል፣ ሁሉም እዚያ ዝምታ ውስጥ ተሰልፈዋል።

በዚህ መሐል እማ ዘሃራ አንድ ግልገል አቅፈው ገቡና በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ማል ጎታ? ምን እያረግህ ነው አንተ ልጅ? ያ ረቢ! በጾማችሁ ዘንባባ ጠብሳችሁ ልትበሉ ነው?»

«እያደረቅሁት ነው እማ ዘሃራ። ቀለበት ልንታታበት…»

«ደርቆ?» ግልገሉን ለሙሉ አስታቀፏትና ወደ እኔ መጡ። «እኔ ስልሳ ዓመት ሰሌን ስታታ ደረቅ ነክቼ አላውቅም። ዘንባባ የሚታታ ውሃ ጠጥቶ፣ ጠግቦ፣ ለስልሶ ነው። ደረቅ ቅጠልና ደረቅ ሰው አይታታም ልጄ፤ ይሰበራል። ሌላ የለህም?»

«አንድ እስር ነበረኝ፤ ሜዳው ላይ ቀርቶ ዝናቡ እየወረደበት ነው። እሱማ አለቀለት።»

«ወላሂ የተረፈህ እሱ ብቻ ነው! ሩጥ!»

ሮጥሁ። ስሄድ አንድ ጊዜ፣ ስመለስ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሲመለከተኝ የነበረው ሰይድ በኋላ እንደነገረኝ ሦስተኛው አወዳደቄ ከሁሉ ይበልጥ ነበር። ይዤው የገባሁት ዘንባባ ግን ለምልሞ፣ እንደ ሐር ልሞ ነበር። እኔ እንደ ሞተ ቆጥሬ ዝናብ ላይ የተውሁትን ዝናቡ ሲሠራልኝ ውሏል።

ከዚያ ወዲያ ጎጆዋ ሌላ ቤት ሆነች። እማ ዘሃራ ቅጠሉን በጥፍራቸው እየሰነጠቁ ይሰጣሉ፤ እትዬ ጌጤና ሙሉ ይታታሉ። አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ላይ፣ ሳብ፣ ቀለበት ሆነ፤ የተረፈችውን ጫፍ ደግሞ አጠላልፈው መስቀል ያደርጓታል። ሁለቱ እናቶች ከተዋወቁ ሰዓት ሳይሞላ የወለዱትን፣ የሞተባቸውን፣ ምጥ የጠናባቸውን ሁሉ ተጨዋወቱ።

«ይቺ ልጅሽ ሆዷ ከፍ ብሏል፤ ወንድ ነው» አሉ እማ ዘሃራ።

«ወንድም ሴትም ይሁን፤ ብቻ ማርያም ትቅረባት።»

«አሚን። የት ነው የምትወልድ? አንቺው ጋ?»

እትዬ ጌጤ ቅጠሉን ሳብ አደረጉና «እዚሁ ነዋ፤ ባሏ አለ» አሉ። ሙሉ አንገቷን ደፋች።

እኔም ሥራ አላጣሁም። መስቀል እሠራ ነበር። የእኔ መስቀሎች አንድ ክንዳቸው ረጅም ነው፤ ምክንያቱን በማስመሪያ ለክቼም አላገኘሁትም። እትዬ ጌጤ አንዷን አንሥተው አገላበጡና «ይቺ መስቀል ናት ወይስ መንገድ ጠቋሚ?» አሉ። እማ ዘሃራ እስኪያስላቸው ሳቁ። እትዬ ጌጤም ሳቁ! ልቤ ዘለለች። በደስታዬ ብዛት አንድ ቀለበት አውራ ጣቴ ላይ ለክቼ ቋጠሮውን ሳብ አደረግሁት። እርጥብ ቋጠሮ እንዲህ ይጠብቃል ብሎ ማን ነገረኝ? ብጎትት፣ ብገፋ፣ በምራቅ ባሸው አልወጣ አለኝ። እጄን ቀስ ብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትሁት።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ሁለት ቁና ሙሉ ቀለበትና መስቀል ነበረን። እትዬ ጌጤ ከእማ ዘሃራ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ተደራድረው ገዙ። ተስፋዬ ሰማይ ነካ።

«ለፋሲካ ነው እማማ?»

«አዎን።»

«እንግዲያ ፋሲካን እኛ ዘንድ…»

«ደሴ ዶሮ ተወዷል» አሉኝ።

እንዲያም ሆኖ ጋሪው ላይ ስንወጣ ዘፈን ዘፈን ይለኝ ነበር። እናትና ልጅ ተጠጋግተው ተቀመጡ። እኔና ዶሮው ከኋላ ሆንን። ቀኑ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን ወግ አልጽፍም ነበር።

ድልድዩ ላይ ጠመንጃ ያነገተ አንድ ወጣት ጥበቃ አስቆመን። ልብ በሉ፤ ጊዜው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመላለስ መምህር በስብሰባ ላይ ስሙ የሚነሣበት ነው። እጁም ዘንባባ ላይ ከተያዘ እንዴት እንደሚነሣ ገምቱት።

«ጓድ መምህር! ምንድን ነው የጫናችሁት?»

«የማስተማሪያ መርጃ መሣሪያ ነው» አልሁ። ከዚያም የእጅ ሥራ ትምህርት ለአምራች ዜጋ ያለውን ጥቅም፣ ከአካባቢ የሚገኝ ቁሳቁስን የመጠቀም መርሕን ጨምሬ አስረዳሁት። ልጁ ክብደቱን ከአንድ እግሩ ወደ ሌላው ያዛውር ጀመር። ላሳምነው በጋለ ስሜት ስወራጭ እጄ ከኪሴ ወጣ።

«ጣትዎ ላይ ያለችውስ? መስቀል አይደለችም?»

«ይቺ? መስቀል አይደለችም። የመደመር ምልክት ናት። ለሒሳብ።»

ይህን ጊዜ ሰይድ፣ ክፋት የማያውቅ ሰው፣ ከፊት ዞር ብሎ «ነገ የክርስቲያኖች ሆሳዕና አይደል እንዴ መምህር?» አለኝ።

«እኔ እንጃ። እንዲህ ያለውን ነገር አልከታተልም።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቆጠርሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሳላስበው ወደ ዶሮው ዞርሁ። አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። አንገቱን ሰበር አድርጎ አየኝ ብቻ።

እትዬ ጌጤ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ።

«የሆሳዕና ነው ልጄ። የእኔ ነው። የሚጠየቅ ካለ እኔን ጠይቅ።»

ጥበቃው ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምነው እማማ፣ መጀመሪያ እንዲህ ቢሉኝ? አምና ዘንባባ አላመጣህልኝም ብለው አያቴ ሦስት ቀን አኩርፈውኛል። አንድ ይስጡኝ።»

«አያትህ ክርስቲያን ናቸው?»

«በእናቴ በኩል። በአባቴ በኩል ሐጂ ነን።»

ሁለት መርጠው ሰጡት። ባርኔጣው ውስጥ ደበቃቸውና አሳለፈን። «ጓድ መምህር፣ የመደመሩን ትምህርት ሌላ ጊዜ ይጨርሱልኛል» አለ። ሰይድ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ፈረሱን መታ።

ከተማው መግቢያ ላይ እትዬ ጌጤ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ጴጥሮስን እንኳ ዶሮ አንቅቶታል» አሉ። «ያንተ ዶሮ ይኸው አጠገብህ ተቀምጧል። አንተን ምን እንደሚያነቃህ ግን እንጃ።»

ቤት ገብተን ሙሉ ቀለበቱን በመቀስ ቆርጣ አወጣችልኝ። «አለቀ» አለች። «ሰኞ ትሄዳለች።»

እሑድ ጠዋት አሁንም ያካፋል። ቁናዎቹን የተሸከምሁት እኔ ነኝ። በሩ ላይ አስረክቤ ልመለስ ነበር ሐሳቤ፤ በዓመት በዓል ሁሉ የማደርገው እንደዚያ ነው። ከበሩ ስደርስ ግን ከመንገዱ ማዶ የሚያውቁኝ ሰዎች ቆመው አየሁ። አንዱ በስብሰባ ላይ ስም የሚያነሣው ሰው ነው። እግሬ ቆመ። እትዬ ጌጤ ወደ ኋላ አላዩም፤ «ና» አላሉኝም፤ ሙሉን ደግፈው ገቡ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ተመልሼ ብሄድ ያቺን የዶሮ ዐይን ዕድሜ ልኬን እንደማያት ስላወቅሁ ነው።

ቀለበቱን እኔው አደልሁ። ከተማሪዎቼ አንዷ «መምህራችን ናቸው የሠሩት!» ብላ ጮኸች፤ ሕፃናቱ ከበቡኝ፤ «ሆሳዕና» እያሉ ግቢውን ቀወጡት። በወንጌሉ ታሪክ «እነዚህን ሕፃናት ዝም አሰኝልን» ያሉት እነማን እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ? የተማሩት ናቸው። መጻሕፍት የሚያውቁት፣ ማስረዳት የሚችሉት። ከተማው ሁሉ ጌታን በለስላሳ ቅጠል ሲቀበል ደርቀው የቀሩት እነሱ ብቻ ነበሩ። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ራሴን ከዘንባባ ያዦቹ ጋር ነበር የምቆጥረው።

ቄሱ ሁሉን አሳልፈው በመጨረሻ ሲመጡ ቁናው ውስጥ የቀሩት የእኔ መንገድ ጠቋሚዎች ብቻ ነበሩ። አንዷን አንሥተው አዩዋት፤ እኔንም አዩኝ፤ ጥምጥማቸው ላይ ሰኳት። ቅዳሴው እስኪያልቅ ያቺ ጠማማ መስቀል ወደ ሐርቡ ከተማ መንገድ እያመለከተች ቆየች።

ሰኞ ማለዳ እትዬ ጌጤ ጓዛቸውን አሰሩ። ሙሉ ከቤት መውጣት አልቻለችም፤ እናትና ልጅ በር ላይ ተላቀሱ። እኔ ጓዙንና ዶሮውን ተሸክሜ እስከ አውቶቡስ ሸኘኋቸው። ገብተው መስኮት ዳር ተቀመጡ። ምንም አላስረዳሁም። «እማማ፣ ቅዳሜ ስለሆነው ይቅር ይበሉኝ» ብቻ አልሁ።

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሣ። እትዬ ጌጤ በመስኮት ብቅ አሉ።

«አንተ፣ ስማ። ዶሮውን ለምን ታቅፈህልኝ ትመጣለህ? መልሰህ ውሰደው፤ ውሃ አጠጣው። ሐሙስ እመለሳለሁ። የገንፎ ገብሴን አስፈጭቼ፣ ቅቤዬን ይዤ።»

«እማማ! ሙሉ እስክትወልድ ሊቆዩልን ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ዘንባባ በእሳት ለሚያደርቅ ሰው አራስ ልጄን ትቼልህ ልቅር? ሕፃኑን አጥቤ ላድርቅ ብለህ ምድጃ ላይ ብትሰቅልብኝስ?»

የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ሳቀ። ጣራ ላይ ጭነት የሚያስረው ሳይቀር «አብሽር መምህር!» አለኝ። እኔ ግን ከተወለድሁ እንደዚያ የተከበርሁበት ቀን አልነበረም። የዕቅድ ደብተሬ፣ የእጅ ሥራ ዕውቀቴ፣ ንዑስ ርእስ ያለው ደብዳቤዬ ያላስቀራቸውን ሴት ሞኝነቴ አስቀራቸው። ጴጥሮስም ቢሆን በጎቹን የተረከበው በሐይቁ ላይ በተራመደ ዕለት አይደለም፤ ከካደ በኋላ ነው። እኔም በአቅሜ አንድ ዶሮ ተረከብሁ።

አቅፌው በዝናቡ ወደ ቤት ሮጥሁ። ሙሉ በር ላይ ቆማ ነበር። ገና ከሩቅ እኔንና ዶሮውን ስታይ ገባት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ እየሳቀች ነው እያለቀሰች ነው ለማለት ያስቸግራል። አጠገቧ ደርሼ ቆምሁ፤ አፌን ግን አልከፈትሁም።